ሥዕልን በዝርዝር ማየት፦ ከአዳማ ተነሥተው ሙዚየም ለሚጎበኙ የቀረበ መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው በአዳማ ለሚኖሩና በአንድ ቀን ጉዞ አዲስ አበባ ደርሰው ሥዕል ተመልክተው ለመመለስ ለሚያስቡ ሰዎች ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ማለዳ ከመናኸሪያ የተነሣ ተሳፋሪ ረፋድ ላይ አምስት ኪሎ ወይም ስድስት ኪሎ መድረስ አይቸግረውም። የሚቸግረው ከደረሰ በኋላ ያለው ነው። ብዙ ሰው ሙዚየም ሲገባ ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው እየተዘዋወረ፣ በእያንዳንዱ ፊት ለጥቂት ሰከንዶች ቆሞ፣ የመግለጫውን ጽሑፍ አንብቦ ያልፋል፤ ሲወጣም ብዙ ሥዕል እንዳየ ያውቃል እንጂ ስለ አንዱ እንኳ በዝርዝር መናገር አይችልም። ይህ የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ጎብኚዎች በአንድ የጥበብ ሥራ ፊት የሚቆሙት በአማካይ ለ27 ሰከንድ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ሠዓሊው ብዙ ቀን የደከመበትን ሥራ በዚህ ፍጥነት አይቶ ማለፍ ለሠዓሊውም ለተመልካቹም ኪሳራ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር በሙሉ ጥቂት ሥዕሎችን ለረጅም ጊዜ በማየት ላይ የቆመ ነው።

የሚታዩትን ሥዕሎች መወሰን

ለአንድ ቀን ጉብኝት ሦስት ሥዕል ይበቃል። ለአንዱ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይመድቡ፤ ቀሪውን ጊዜ ሥዕሎቹን ለመምረጥ፣ ለማረፍና ወደ መጀመሪያው ሥዕል ተመልሶ ለማየት ይተዉት። የሚሄዱበትን ቦታ በተመለከተ አምስት ኪሎ የሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም በድንቅነሽ ስም ቢታወቅም የሥዕል ስብስብም አለው። በስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ቀድሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ደግሞ በእንጨት ላይ የተሣሉ የቆዩ ቅዱሳት ሥዕላትን ይዟል። የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከልም ከዚያው ብዙ አይርቅም። ሦስቱም በእግር የሚያገናኙ ቢሆኑም በአንድ ቀን ሁሉንም ለማዳረስ መሞከርን አልመክርም። አንዱን ይምረጡና ከመነሣትዎ በፊት በዚያ ቀን ክፍት መሆኑን በስልክ ያረጋግጡ።

በአዳማ ሆኖ ዓይንን ማለማመድ

ሙዚየም እስኪገቡ ድረስ መጠበቅ አያስፈልግም። በከተማችን ሆቴሎች የእንግዳ መቀበያና በባህላዊ ምግብ ቤቶች ግድግዳ ላይ የዓድዋ ጦርነት፣ የንግሥተ ሳባ ታሪክ ወይም የገበያ ቀን ሥዕል ተሰቅሎ ማየት የተለመደ ነው። ቡናዎን አዝዘው ከአንዱ ሥዕል ፊት ለፊት ይቀመጡና ቡናው አልቆ እስኪነሡ ድረስ ዓይንዎን ከሥዕሉ ላይ ሳያነሡ ያዩትን አንድ በአንድ ይጻፉ። ሥዕሉ ጥሩ ይሁን አይሁን ለልምምዱ ለውጥ አያመጣም።

ሁለተኛው መለማመጃ ቤተ ክርስቲያን ነው። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች ብዙ ጊዜ በሸራ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ስለሆኑ፣ የሸራዎቹን መገናኛ መሥመር መፈለግ ራሱ ለጀማሪ ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ሥዕሎቹ በዚያ ያሉት ለጸሎት መሆኑን ማሰብ ይገባል። ከቅዳሴ ሰዓት ውጭ ይሂዱ፣ ፎቶ ለማንሣት ካሰቡም አስቀድመው ያስፈቅዱ፣ የሚጸልይ ሰው ካለ ገለል ብለው ይጠብቁ።

ሦስተኛው መለማመጃ ስልክዎ ነው። ለንደን በሚገኘው ናሽናል ጋለሪ ያለውን፣ የፍሌሚሹን ሠዓሊ የያን ቫን አይክን የአርኖልፊኒ ሥዕል ፈልገው ያውጡ። ሥዕሉ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1434፣ ማለትም አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በነገሡበት ዓመት ነው። በመጀመሪያ እይታ የሚታዩት እጅ ለእጅ የተያያዙ ወንድና ሴት ናቸው። ምስሉን አጉልተው በመካከላቸው፣ ከኋላቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ክብ መስተዋት ይመልከቱ፤ በመስተዋቱ ውስጥ የባልና ሚስቱ ጀርባና በሩ ላይ የቆሙ ሌሎች ሁለት ሰዎች ይታያሉ። በመስተዋቱ ጠርዝ ዙሪያ ደግሞ የጌታን ሕማማት የሚያሳዩ ጥቃቅን ክብ ሥዕሎች ተደርድረዋል። ሥዕሉ በሙሉ ቁመቱ 82፣ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ መሆኑን ልብ ሲሉ፣ ሠዓሊው ማንም ላያየው በሚችል ቦታ ላይ ምን ያህል እንደ ተጨነቀ ይረዳሉ። ይሁን እንጂ ስልክ የቀለሙን ውፍረትና የሥዕሉን እውነተኛ መጠን አያሳይም፤ ስለዚህ ልምምዱን በስልክ ቢጀምሩትም ሙዚየሙ አይቀርም።

የሚያዝ ዕቃ

ትንሽ ማስታወሻ ደብተር፣ እርሳስ እና አንድ ነጭ ወረቀት ይበቃሉ። እስክሪብቶ ሊያንጠባጥብ ስለሚችል በሥዕል አጠገብ እርሳስ ይመረጣል። ወረቀቱን ጠቅልለው በአንድ ዓይን ሲያዩበት ዙሪያውን ስለሚከልል ዓይን ሳይበተን አንድ እጅ ወይም አንድ ፊት ላይ ብቻ ያርፋል። በሥዕሉና በእርስዎ መካከል ቢያንስ የአንድ ክንድ ርቀት ይኑር፤ ወረቀቱንም ሆነ ጣትዎን ወደ ሥዕሉ አይቀስሩ። ፎቶ ከተፈቀደ ፍላሹን ያጥፉ።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

ከሥዕሉ ሦስት ወይም አራት እርምጃ ርቀው ይቁሙና በአጠገቡ ያለውን መግለጫ ሳያነቡ ይጀምሩ። ይህን ምክር ብዙ ሰው ይቃወመዋል፣ ሳላውቅ ምን አያለሁ ይላል፤ ሆኖም መግለጫውን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ዓይኑ የሚፈልገው የተነገረውን ብቻ ስለሚሆን ያልተነገረውን አያገኝም። መጀመሪያ የሚያዩትን በቀላል ቃል ይጻፉ፦ ስንት ሰው አለ፣ ማን ትልቅ ሆኖ ተሣለ፣ የትኛው ቀለም ይበዛል፣ ብርሃኑ ከየት ይመጣል ወይስ ጥላ የሚባል ነገር ጨርሶ የለም? «ያምራል»፣ «ያሳዝናል» የሚሉ ቃላትን ለጊዜው ያቆዩዋቸው።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሚታይ ነገር ያለቀ ይመስላል። ትዕግሥት የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው፤ ከዚህ ሳይሰለቹ የቆዩ ሰዎች ብዙ ያገኛሉ። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ታሪክ የሚያስተምሩት ጄኒፈር ሮበርትስ ተማሪዎቻቸው በአንድ ሥዕል ፊት 3 ሰዓት ሙሉ እንዲቀመጡ ያዝዛሉ፤ እርሳቸውም ራሳቸው ኮፕሊ የተባለው አሜሪካዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1765 የሣለውን ልጅና ሽኮኮ በዚህ መንገድ ሲመለከቱ፣ የልጁ ጆሮ ቅርጽ በሽኮኮው ሆድ ላይ ካለው ፀጉር ቅርጽ ጋር አንድ መሆኑን ያስተዋሉት ከ9 ደቂቃ በኋላ መሆኑን ጽፈዋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሥዕል ያጠኑ ሰው 9 ደቂቃ ካስፈለጋቸው፣ እኛ በግማሽ ሰዓት ብዙ ባናገኝ ሊያሳፍረን አይገባም።

ከዳር ወደ መሃል

ዓይን በራሱ ፈቃድ የሚሄደው ወደ መሃል፣ ወደ ፊትና ወደ ደማቅ ቀለም ነው። ስለዚህ ሆን ብለው ከዳር ይጀምሩ። ከግራ የላይኛው ማዕዘን ተነሥተው በጠርዙ ዙሪያ ቀስ ብለው ይዙሩ፣ በአራቱም ማዕዘን ቆም ይበሉ። በቆዩ የእኛ ሥዕሎች ውስጥ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከታች፣ በእመቤታችን ወይም በቅዱሱ እግር ሥር፣ በግንባሩ ተደፍቶ ወይም ተንበርክኮ፣ ከሌሎቹ እጅግ አንሶ ነው። ልብሱን፣ የፀጉሩን አሠራርና ጫማ ማድረግ አለማድረጉን ይመልከቱ፤ ቅዱሳኑ በተወሰነ ሥርዓት ሲሣሉ፣ ይህ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የዘመኑን ልብስ ለብሶ ይታያል።

ዓይን፣ እጅና እግር

የኢትዮጵያን ባህላዊ ሥዕል ለሚመለከት ሰው ከሁሉ በላይ ፍሬ የሚሰጡት እነዚህ ሦስቱ ናቸው፤ ከግማሽ ሰዓቱ አብዛኛውን ለእነርሱ ይስጡ።

ዓይን፦ በባህላዊው አሳሳል ጻድቃንና ወዳጆች ሁለት ዓይናቸው እንዲታይ ሆነው ይሣላሉ፤ ክፉዎችና ጠላቶች ግን በጎን ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ ይታይባቸዋል። በመጨረሻው እራት ሥዕል ይሁዳን ከሐዋርያት መካከል ለይቶ ለማወቅ ይህ ሥርዓት ብዙ ጊዜ ይበቃል። በዓድዋ ሥዕል ፊት ሲቆሙ ይህን በተግባር ይሞክሩት። በአብዛኞቹ የዓድዋ ሥዕሎች የኢትዮጵያ ጦር በግራ፣ የጣሊያን ጦር በቀኝ ይሰለፋል። ከግራ ወደ ቀኝ እየሄዱ የእያንዳንዱን ተዋጊ ዓይን ይቁጠሩ፤ ሥርዓቱ የሚለወጥበትን መሥመር ካገኙ በኋላ ደግሞ ከሥርዓቱ የወጣ ሰው እንዳለ ይፈልጉ። ሁለት ዓይን ያለው ጠላት ወይም አንድ ዓይን ያለው ወገን ካገኙ ቦታውን ይመዝግቡ፤ ሠዓሊው የወደቀን ሰው ሊያሳይ ፈልጎ ይሆናል፣ ወይም ሌላ ምክንያት ይኖረዋል፤ ግምትዎን ከማስታወሻው ጎን ይጻፉት።

በዚያው ሥዕል ላይ ወደ ላይ ቀና ይበሉ። ጦርነቱ የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት በመሆኑ፣ ሰማዕቱ በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ከጦሩ በላይ ይታያል፤ በብዙዎቹም ዙሪያውን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም ይከብበዋል። አፄ ምኒልክ በጥላ ሥር፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ ሆነው ሽጉጥ ይዘው ይሣላሉ። እነዚህን ማግኘት ቀላል ስለሆነ ከእነርሱ አልፈው መሬት ላይ የወደቁትን፣ መድፍ የሚጎርሱትንና በዳር የቆሙትን ካህናት ይፈልጉ።

እጅ፦ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. ወዲህ በሀገራችን የተሣሉ ብዙ ሥዕለ ማርያም በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለውን የእመቤታችንን ሥዕል አብነት ያደረጉ ናቸው፤ አብነቱን ወደ ኢትዮጵያ ያስገቡትም ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ናቸው። ይህን አብነት የሚያስታውቁት ጥቃቅን ነገሮች ያሉት በእርሷና በሕፃኑ እጆች ላይ ነው። ቀኝ እጇ በግራው ላይ ተሻግሮ ሁለት ጣቶቿ ይዘረጋሉ፣ በግራ እጇ ትንሽ መሐረብ ትይዛለች፤ ሕፃኑ ደግሞ በአንድ እጁ መጽሐፍ ይዞ በሌላው ይባርካል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን በነበረበት ጊዜ በተሣሉት ሥዕሎች ግን መሐረቡ የለም፤ በአንዳንዶቹ እመቤታችን አበባ ያለበት ዘንግ ይዛ፣ ሕፃኑም እጁን ወደ አገጯ ዘርግቶ ይታያል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ሥዕለ ማርያም ተደርድረው ሲያገኙ መግለጫዎቹን ሳያነቡ መሐረብ ያለባቸውንና የሌለባቸውን ለይተው ይጻፉ፤ ከዚያ ዓመታቱን ከመግለጫው ጋር ያስተያዩ። ይህ ልምምድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዘመንን ከጣት መለየትን ያስተምራል፤ እኔ ከማውቃቸው ልምምዶች ሁሉ የበለጠ የሚጠቅም ይመስለኛል።

እግር፦ በፈረስ የተቀመጡ ሰማዕታትን ሲያዩ ከጦሩና ከዘንዶው ዓይንዎን አንሥተው እርካቡን ይመልከቱ። በብዙ የቆዩ ሥዕሎች ፈረሰኛው ባዶ እግሩን ነው፤ እርካቡም ትንሽ ቀለበት ሆኖ የሚገባበት አውራ ጣቱ ብቻ ነው። ይህ የሠዓሊው ስሕተት አይደለም፣ በሀገራችን የነበረው የአጋለብ ልማድ ነው። በአዳማ የጋሪ ፈረስ ሲጠመድ እያየ ያደገ ሰው በዚህ በኩል ከሌላው ጎብኚ ይሻላል፤ ልጓሙ በፈረሱ አፍ እንዴት እንደ ገባ፣ ዛቡ በየት በኩል እንደ ዞረ፣ በአንገቱ ላይ የተንጠለጠለው ጌጥ ምን እንደ ሆነ ሳይነገረው ያያል። ሁላችንም በሥራችንና በኑሯችን የምናውቀው ነገር አለ፤ ሸማኔ ጥለቱን፣ ምግብ የምትሠራ ሴት የእንስራውንና የመሶቡን ቅርጽ ቀድመው ያያሉ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚተርክ ባለ ብዙ ክፍል ሥዕል ካገኙ፣ በእራቱ ክፍል የቀረበውን ምግብና ከዚያ በኋላ በመኝታው ክፍል የተቀመጠውን የውኃ ዕቃ አገናኝተው ይመልከቱ፤ ታሪኩ በሙሉ የሚዞረው በዚያ ውኃ ላይ ነውና። በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕልም ዛፍ ላይ የወጣችው ቢሩታዊት ቅርንጫፉን እንዴት እንደ ያዘችው ማየት አይዘንጉ።

በሥዕሉ ላይ የተጻፈውን ማንበብ

ከውጭ የሚመጣ ጎብኚ የሌለው ትልቅ ዕድል በእጅዎ አለ፦ ፊደሉን ያነባሉ። በቆዩ ሥዕሎች ላይ ከቅዱሳኑ ራስ አጠገብ ወይም በክፍሎቹ መካከል ግእዝ ተጽፎ ይገኛል። ብዙውን ጊዜ ጽሑፉ «ሥዕለ» ብሎ የባለሥዕሉን ስም ያስከትላል ወይም «ዘከመ» ብሎ በመጀመር ድርጊቱ እንዴት እንደ ተፈጸመ ይናገራል። በተደፋው ሰው አጠገብ «ተማኅፀነ» የሚል ቃል ካገኙ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሥዕሉን ያሠራው ሰው ስም ሊሆን ይችላል። ስሙ ተፍቆ ሌላ ስም የተጻፈበት ቦታ እንዳለም ይመልከቱ። ያልገባዎትን ቃል ፊደሉን ሳይለውጡ ይቅዱት፤ አዳማ ሲመለሱ ግእዝ የሚያውቁ መሪጌታ ይጠይቃሉ። ዓመተ ምሕረት ተጽፎ ካገኙም በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን በማስታወሻዎ ላይ ይግለጹ፤ መግለጫው በሌላው አቆጣጠር ከሆነ 7 ወይም 8 ዓመት ይለያያልና።

የሥዕሉ አካል

ከዚህ በኋላ ምስሉን ረስተው ዕቃውን ይመልከቱ። በጎን በኩል ቆመው ብርሃን በሥዕሉ ላይ ተንሸራትቶ እንዲታይዎ ቦታ ይቀይሩ፤ ፊት ለፊት ሲቆሙ ያልታየ ስንጥቅ፣ እብጠትና የብሩሽ ፈለግ በዚህ ይገለጣል። በእንጨት ላይ የተሣለ ሥዕል ስንጥቁ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ ይሄዳል፤ ቀለሙ በተላጠበት ቦታም ሠዓሊው ከመሣሉ በፊት እንጨቱን የቀባበት ነጭ መደብ ብቅ ይላል። በመሳለምና በመዳሰስ ብዛት የደበዘዘ ቦታ ካለ የት እንደ ሆነ ይለዩ። በማጠፊያ የሚዘጉ ባለ ሦስት ክፍል ሥዕሎች ከሆኑ ማጠፊያው ገመድ ይሁን ሌላ፣ የመዝጊያው ጀርባ የተቀረጸ ይሁን ያልተቀረጸ ይመልከቱ።

ከምስሎቹ በስተጀርባ ያለው መደብም ይናገራል። በጎንደር ዘመን ቀደም ሲል በተሠሩት ሥዕሎች መደቡ አንድ ወጥ ቀለም ሆኖ ፊቱም ያለ ብዙ ጥላ ይሣላል፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. በተስፋፋው አሳሳል ግን መደቡ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቀይ ቀስ እያለ ይለወጣል፣ በጉንጭና በአንገት ላይም ጥላ ይበዛል።

ረቂቅ ሥዕል ሲገጥም

ሰውም ፈረስም በሌለበት ሥዕል ፊት ከላይ የተባለው አይሠራም የሚል ሰው ይኖራል። ሐረር ተወልዶ በጀርመን ኮሎኝ የተማረውን የገብረ ክርስቶስ ደስታን (እ.ኤ.አ. 1932–1981) ሥራዎች ሲያዩ ጥያቄውን ብቻ ይለውጡ፦ የትኛው ቀለም ቀድሞ ተቀባ፣ የትኛው ከላይ ተደረበ? ሁለት ቀለሞች የሚገናኙበት ጠርዝ የተቆረጠ ያህል ስል ነው ወይስ የተዋሃደ? ቀለሙ የወፈረውና የሳሳው የት ነው? ከጠርዝ አጠገብ ያለውን ጠባብ ቦታ በተጠቀለለው ወረቀት ለይተው ካዩት፣ ከሥር የተቀበረ ቀለም ብዙ ጊዜ በዚያ ይገኛል።

መግለጫው፣ ጓደኛውና የመልስ ጉዞው

አሁን መግለጫውን ያንብቡ። ካዩት ጋር የሚጋጭ ነገር ካለ ሁለቱንም ይጻፉ፤ አስጎብኚ ካለም በትሕትና ይጠይቁ። ከሰው ጋር ከሄዱ ለየብቻ ተመልክታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ብቻ ማስታወሻችሁን አስተያዩ፤ ቀድሞ መነጋገር አንዱን የሌላው ዓይን ተከታይ ያደርገዋል። ከልጆች ጋር ከሆነ ግማሽ ሰዓቱን ወደ አሥር ደቂቃ አሳንሰው አንድ ሥራ ብቻ ይስጧቸው፣ ለምሳሌ ባዶ እግራቸውን የሆኑትን መቁጠር።

ወደ አዳማ ሲመለሱ መኪናው ከከተማ ሳይወጣ ደብተሩን ያውጡና ከሦስቱ ሥዕሎች አንዱን በትዝታ ብቻ በእርሳስ ይንደፉ። ንድፉ ማማር የለበትም፤ ማን የት እንደ ቆመ፣ እጁ ወዴት እንደ ዘረጋ ማሳየቱ ይበቃል። ያነሡት ፎቶ ቢኖርም ንድፉ ሳያልቅ አይክፈቱት። ካለቀ በኋላ ሁለቱን አስተያይተው ባዶ የቀሩትንና የተሳሳቱትን ቦታዎች በክብ ምልክት ያድርጉባቸው፤ በሚቀጥለው ጉዞ በዚያ ሥዕል ፊት ሲቆሙ ማየት የሚጀምሩት ከእነዚያ ክቦች ነው።